የሚነፋ ታንኳ ቦታው የት ነው?

ተጣጥፎ በአንድ ትልቅ ቦርሳ የሚገባ፣ ውኃ ዳር ሲደርስ በእጅ ፓምፕ ተነፍቶ ሁለት ሰው የሚያሳፍር ታንኳ በዓለም ገበያ ከተሰራጨ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ በሻንጣው ሊያመጣው ይችላል። በላንጋኖ ወይም በሐዋሳ ዳርቻ ለመዝናናት የሚያስብ ሰው ይመኘዋል፤ የጣናን ወይም የዝዋይን ዓሣ አስጋሪ ኑሮ ማሻሻል የሚፈልግም ቀላልና ዘመናዊ መፍትሔ ያገኘ ሊመስለው ይችላል። ክብደቱ ከ12 እስከ 20 ኪሎ ግራም አካባቢ ስለሆነ አንድ ሰው ይሸከመዋል። ማስቀመጫው ጠባብ ቁም ሣጥን ነው። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ክርክሩ «ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ» ከሚል ጥያቄ ከተነሣ የትም የሚደርስ አይመስለኝም። የዚህ ታንኳ ጥቅሙም ጉዳቱም የሚመነጨው ከአንድ ባሕርዩ ነው፤ ውኃ ዳር መኖር አያስፈልገውም። ዓመቱን ሙሉ ደረቅ ቦታ ተኝቶ በሚፈለግበት ቀን ብቻ ይወጣል። ስለዚህ የሚበጀው ከውኃ ጋር አልፎ አልፎ ለሚገናኝ ሰውና ቦታ ነው እንጂ ውሎውና እንጀራው ውኃ ላይ ለሆነ ሰው አይደለም። ይህን ልብ ካላልን በማይሆንበት ቦታ ገንዘብ እናፈስሳለን፤ በሚሆንበት ቦታ ደግሞ ሕይወት እናጣለን።

በአየር ላይ ተደግፎ ውኃ መሻገር የቆየ ብልሃት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በዘጠነኛው መቶ ዘመን ለአሦር ንጉሥ ለዳግማዊ አሹርናሲርፓል የተቀረጹት የኒምሩድ ድንጋዮች በተነፋ የእንስሳ ቆዳ ታግዘው ወንዝ የሚሻገሩ ሰዎችን ያሳያሉ። ጎማ በሙቀትና በብርድ እንዳይበላሽ ማድረግ የተቻለው ቻርልስ ጉድይር እ.ኤ.አ. በ1839 የጎማንና የድኝን ውሕደት ካገኘ በኋላ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፒተር ሃልኬት የተባለ የእንግሊዝ የባሕር ኃይል መኮንን እንደ ካባ የሚለበስ፣ ሲነፋ ደግሞ አንድ ሰው የሚይዝ ጀልባ ሠራ። ጆን ሬ የተባለው ተጓዥም በሰሜን ካናዳ በረዷማ ምድር ሲዘዋወር ይህን ዓይነት ጀልባ ይዞ ነበር። አሜሪካዊው ጆን ፍሬሞንት ግን እ.ኤ.አ. በ1842 በፕላት ወንዝ ገደል ውስጥ በጎማ ጀልባ ለመውረድ ሲሞክር ተገልብጦ ከመሣሪያዎቹና ከማስታወሻዎቹ ብዙውን ውኃ ወሰደበት። በጀልባው የተጠቀሙት ሰዎች በሚሻገሩት ውኃ ዳር የሚኖሩ አልነበሩም። ረጅም የየብስ መንገድ የሚጓዙ፣ በመካከል ወንዝ ወይም ሐይቅ የሚገጥማቸው ሰዎች ነበሩ። ጀልባው የተፈጠረው ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው፤ ጉድለቱ የታየውም ያለ አቅሙ ሲሞከር ነው።

የእኛው ዓባይ ይህን ታሪክ የሚመሰክር ወንዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1903 ማክሚላን የተባለ አሜሪካዊ ባለጠጋ በብረት ጀልባዎች የዓባይን ገደል ለመውረድ ሞክሮ ጀልባዎቹ ገና ከጅምሩ በዓለት ተሰባብረው ጉዞው ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1968 ክረምት በጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተመራው የእንግሊዝ ቡድን ከጢስ ዓባይ በታች ያለውን አስቸጋሪ ክፍል የወረደው በሚነፉ የጎማ ጀልባዎች ነበር። ብረት ከዓለት ሲጋጭ ይሰነጠቃል፤ በአየር የተሞላ ጎማ ግን ይሰረጉድና ይመለሳል፤ ይተጣጠፍና ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1973 ሶቤክ የተባለው የአሜሪካውያን የጉዞ ቡድን ኦሞን በዚሁ ዓይነት ጀልባ ወረደ። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን ከዓባይ ምንጭ ተነሥተው በ114 ቀን ሜዲትራንያን ባሕር ደረሱ። ስካቱሮ የያዘው ራፍት የሚባለውን ሰፊ የሚነፋ ጀልባ ነበር። እነዚህን ጉዞዎች እያነሡ የሚነፋ ጀልባ የማይደፈር ነገር የለም የሚሉ ሰዎች አንድ ነገር ይዘነጋሉ። ከ1968ቱ ቡድን አንድ ሰው ውኃ ወስዶት ቀርቷል። ቡድኑ በውትድርና የሠለጠነ፣ በገመድ፣ በሬዲዮና በሕክምና የተደራጀ ነበር። በዚያ ውኃ ላይ ጀልባው የሠራው ሥራ ከሰዎቹ ችሎታ ተነጥሎ የሚታይ አይደለም።

አሁን ወደ ዕቃው ጠባይ እንግባ። ተራው የሚነፋ ታንኳ ብዙውን ጊዜ ሦስት የአየር ክፍሎች አሉት፤ ሁለቱ የጎን ቱቦዎች ሲሆኑ ሦስተኛው ወለሉ ነው። አንዱ ቢተነፍስ ሁለቱ ሰውን ለጊዜው ይዘው ይቆያሉ። ይህ ትልቅ ብልጫ ነው፤ ዕቃውን ለሚያጣጥሉ ሰዎችም ተገቢ መልስ ነው። ሆኖም በጎን ቱቦዎቹ ውስጥ ያለው ግፊት አነስተኛ ነው። የቤት መኪና ጎማ በግፊት መለኪያው በፒኤስአይ 30 አካባቢ ሲይዝ የታንኳው ቱቦ የሚይዘው 3 ገደማ ነው። ይህ ትንሽ ግፊት በሙቀት በቀላሉ ይለዋወጣል። በጣና ከፍታ ላይ ከውጭ የሚጫነው የከባቢ አየር ግፊት 12 ፒኤስአይ ያህል ነው፤ ቱቦው ውስጥ ያለው ጠቅላላ ግፊት ታዲያ 15 ይጠጋል ማለት ነው። በጠዋት በ20 ዲግሪ ተነፍቶ ዳር ላይ የተተወ ታንኳ በቀትር ፀሐይ ቆዳው 50 ዲግሪ ሲደርስ፣ ውስጡ ያለው ጠቅላላ ግፊት በአሥር በመቶ ይጨምራል። አሥር በመቶ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ስፌቱንና ማጣበቂያውን የሚወጥረው ትርፍ ግፊት ከ3 ወደ 4.5 ገደማ ያድጋል። ግማሽ ያህል ጨመረ ማለት ነው። ነገሩ ሲገለበጥም አደጋ አለው። በጋለ አሸዋ ላይ ድርቅ ብሎ የተነፋ ታንኳ ቀዝቃዛ ውኃ ላይ ሲያርፍ ይለሰልሳል፤ ቀዛፊው ከዳር ርቆ ከሄደ በኋላ መሐሉ ላይ ይጎብጣል። እነዚህን ነገሮች የሚያውቅ ሰው ግፊቱን በየሰዓቱ እያየ ያስተካክላል። የማያውቅ ሰው ግን ታንኳው የተበላሸ ይመስለዋል፤ ወይም ጨርሶ ልብ አይለውም።

ፀሐዩን ካነሣን የከፍታ ቦታ ፀሐይ በፕላስቲክ ላይ የሚያደርሰው ጉዳትም አለ። የደጋው አየር ስስ ስለሆነ ከቆላው የበለጠ አልትራቫዮሌት ጨረር ያሳልፋል። አብዛኛው ታንኳ የሚሠራበት ፒቪሲ የተባለው ፕላስቲክ ደግሞ በዚህ ጨረር ቀስ በቀስ ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል። ለሁለት ሰዓት ወጥቶ ወደ ጥላ የሚመለስ ታንኳ ይህን ይቋቋማል። ከጠዋት እስከ ማታ፣ ከመስከረም እስከ ሰኔ ሐይቅ ዳር የሚውል ታንኳ ግን ዕድሜው ያጥራል። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳርቻ ሌላም ጠላት አለ፤ የግራር እሾህ። ዳርቻው ሁሉ በወደቀ እሾህ የተሞላ ነው። እንጨት ታንኳን ዳር ላይ መጎተት የዕለት ሥራ ሲሆን፣ የሚነፋውን ግን አንሥቶ መሸከምና የሚያርፍበትን መሬት መጥረግ ግዴታ ይሆናል።

ስለ ነፋስ የሚነገረው ከሁሉም ያነሰ ነው፤ በእኔ ግምት ግን ሰው የሚገድለው ይኸኛው ነው። የሚነፋ ታንኳ ቀላል ስለሆነ ውኃው ውስጥ ብዙ አይገባም፤ ከውኃው በላይ የሚቆመው አካሉ ደግሞ ወፍራም ነው። ነፋስ ሲመጣ የሚይዘው ሥር የለውም። ጣና ሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ሐይቅ ሆኖ ጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር የሚበልጥ አይደለም። እንዲህ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውኃ ነፋስ ሲነካው አጫጭርና ቁልቁለታማ ማዕበል በፍጥነት ያነሣል። ጠዋት እንደ መስተዋት የነበረው ሐይቅ ከሰዓት በኋላ ሊታወክ እንደሚችል የባሕር ዳርና የዘጌ ጀልባ ነጂዎች ጠንቅቀው ያውቃሉ። በዚህ ሰዓት ከዳር ርቆ የሚገኝ የሚነፋ ታንኳ ወደፈለገው ሳይሆን ወደነፈሰው ይሄዳል። አምራቾች ለዚህ መድኃኒት አድርገው ከሆዱ ሥር ትንሽ ክንፍ ይገጥማሉ፤ ያ ክንፍ ታንኳውን ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ያግዘዋል። እምቦጭ በወረረው የጣና ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ግን ክንፉ አረሙን እየሰበሰበ ጉዞውን ያስራል። ክንፉ ሲነቀል ደግሞ ታንኳውን ነፋሱ ይወስደዋል። ከታንኳው የወደቀ ሰውም ሌላ ፈተና ይጠብቀዋል፤ ባዶውን የቀረ የሚነፋ ታንኳ በነፋስ ከዋናተኛ ፈጥኖ ይሸሻል። ስለዚህ «ታንኳው ራሱ መንሳፈፊያ ስለሆነ የመንሳፈፊያ ጃኬት አያስፈልግም» የሚለው አስተሳሰብ ከስሕተቶች ሁሉ የከፋው ነው።

ወደ ዓሣ አስጋሪው ስንመጣ ተቃዋሚዬ የሚያነሣው ጥያቄ ክብደት አለው። በጣና ላይ የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ሲሠራት የኖረችው የደንገል ታንኳ ውኃ ትጠጣለች፤ በየጊዜው ከውኃ ወጥታ ካልደረቀች ትከብዳለች፤ ከጥቂት ወራት አገልግሎት በኋላም በአዲስ መተካት አለባት። ደንገሉ ራሱ በእርሻ መስፋፋትና በዳርቻው መራቆት ተመናምኗል። ታዲያ ድኻውን በየጥቂት ወሩ በምትበሰብስ ታንኳ ላይ ተቀመጥ ማለት ፍርድ ነው ወይ? አይደለም። የደንገል ታንኳ ስለቆየች ብቻ ትቀጥል የሚል ሙግት የለኝም። የምለው ምትኳ የሚነፋው አይደለም ነው። የደንገል ታንኳ አየሯ በእያንዳንዱ ግንድ ውስጥ በሺህ ትንንሽ ቀዳዳ ተከፋፍሎ ስለተቀመጠ በአንድ መወጋት አትተነፍስም፤ ሞቷ ቀስ ያለ ነው፤ ባለቤቷም አስቀድሞ ያየዋል። የዓሣ አስጋሪ ታንኳ ውስጥ ምን እንዳለ እናስብ። መንጠቆ አለ፣ ቢላ አለ፣ የመረብ ማስጠሚያ አለ። የቆሮሶ የጀርባ ክንፍ በእሾህ የተሞላ ነው፤ አምባዛም በደረቱ ክንፍ ላይ ጠንካራ እሾህ ይዞ ይንፈራገጣል። ይህ ሁሉ በየቀኑ በስስ ቆዳ ላይ ይፈተጋል። ደረቅ ወለል ያለው የሳንቃ ጀልባ ይህን ሁሉ ችሎ ዓመታት ያገለግላል።

ሲቀደድስ? በየከተማው ጎሚስታ ስላለ ጥገናው አያስቸግርም የሚል ይኖራል። የጎሚስታ ማጣበቂያ የተሠራው ለጎማ ነው፤ አብዛኞቹ የሚነፉ ታንኳዎች ግን ፒቪሲ ናቸው። ለጎማ የሚሆነው ማጣበቂያ በፒቪሲ ላይ ለጊዜው የያዘ መስሎ ውኃ ላይ ይለቃል። ትክክለኛው ማጣበቂያ ሌላ ነው፤ ገጹ ተጠርጎ፣ ማጣበቂያው ተቀብቶ፣ ለረጅም ሰዓት ደርቆ መቆየት አለበት። ይህም በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ዕቃ ነው። ቫልቩም እንደዚሁ። ሳንቃ የሚሰነጥቅ አናጢ በዝዋይም በአርባ ምንጭም አለ፤ የሳንቃ ጀልባ ሲሰበር እዚያው ይጠገናል፤ ገንዘቡም እዚያው ይቀራል። አንድ ቤተሰብ እንጀራውን የሚያገኝበት መሣሪያ መለዋወጫው ከባሕር ማዶ የሚጠበቅ ከሆነ፣ በመጀመሪያው ዓመት ዕርዳታ የነበረው በሁለተኛው ዓመት ፍርስራሽ ይሆናል። ለዓሣ አስጋሪዎች ማኅበራት ገንዘብ የሚመድብ ድርጅት ካለ፣ ለሳንቃ ወይም ለፋይበር ግላስ ጀልባ ቢያውለው የተሻለ ነው እላለሁ።

«የዛሬዎቹ ጠንካራ ናቸው» የሚለው ተቃውሞ ግማሽ እውነት አለው። በውስጡ የፖሊስተር ክር ድርና ማግ ያለው ወፍራም ፒቪሲ በቀላሉ አይወጋም። ወለሉ በሺህ በሚቆጠሩ ክሮች ከላይና ከታች ተያይዞ የሚሠራው ዓይነት ደግሞ እስከ 10 ፒኤስአይ ስለሚነፋ ሰው ቢቆምበት እንደ ሳንቃ የጸና ነው። ይሁን እንጂ በገበያው ውስጥ ከዚህ ጎን የሚሸጥ፣ በቀለምና በቅርጽ የሚመሳሰል፣ ክር የሌለው ስስ ፕላስቲክ አለ። ይህ የመዋኛ ገንዳ መጫወቻ ነው። ሁለቱንም የያዘው ካርቶን ላይ ያለው ሥዕል ሐይቅ ነው፤ ዋጋው ብቻ ይለያያል። ገዢያችን ደግሞ ዋጋ አይቶ ይገዛል፤ ሌላ የሚያይበት ነገር አልተሰጠውምና አይወቀስም። ስለዚህ «ጠንካራ ዓይነት አለ» ማለት ወደ ሐይቆቻችን የሚመጣው ያ ጠንካራ ዓይነት ነው ማለት አይሆንም። ሲገዙ ማየት የሚገባው የጨርቁን ውፍረት፣ የአየር ክፍሎቹን ቁጥርና በዙሪያው የሚያዝ ገመድ መኖሩን ነው።

ለመዝናናት ከሆነ የሚነፋ ታንኳን የምቃወምበት ምክንያት የለም። እንዲያውም የሀገራችን ወጣት ከሐይቆቹ ጋር እንዲተዋወቅ፣ ከተሜው ዋናና ቀዘፋ እንዲለምድ በር የሚከፍት ዕቃ ነው። ቤተሰብ ለቅዳሜና እሑድ ይዞት ይሄዳል፣ ማታ አጥቦና አድርቆ ይመልሰዋል፤ ይህ ከላይ ያልኩት አልፎ አልፎ ከውኃ ጋር የመገናኘት አኗኗር ነው። ጠዋት ይውጣ፣ ከዳር አይራቅ፣ ጃኬቱ ቦርሳ ውስጥ ሳይሆን ሰውነት ላይ ይሁን። ጉማሬ ባለበት ውኃ፣ ለምሳሌ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢና በሐዋሳ አንዳንድ ዳርቻዎች፣ አዞ በሞላበት በጫሞም፣ የአካባቢውን ሰው ሳይጠይቁ መግባት አይገባም። እርግጥ ጉማሬ የሳንቃ ጀልባንም ይሰብራል፤ በዚህ የሚነፋውን ለይቶ መክሰስ አግባብ አይሆንም። ቢልሃርዚያም መታሰብ አለበት፤ የሚነፋ ታንኳ የሚገፋው ከመትከያ ሳይሆን ሣር ካለበት ዳርቻ፣ እግርን ውኃ ውስጥ አስገብቶ ነው፤ በሽታውን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ የሚኖረውም እዚያው ነው።

የሚነፋ ጀልባ እውነተኛ ቦታው ግን ከመዝናኛ የራቀ ነው፤ ጎርፍ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሀገራችን በቀናት ልዩነት ሁለት የተለያዩ የጎርፍ አደጋዎች ደርሰውባታል። ሐምሌ መጨረሻ ላይ የድሬዳዋው ደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ደግሞ ኦሞ ከዳርቻው ወጥቶ በዳሰነች ምድር ከ300 በላይ ሰው ሞተ። ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት ትልቅ ስሕተት ነው። የድሬዳዋው ደራሽ ጎርፍ ነበር፤ በደቂቃዎች ውስጥ መጥቶ፣ ድንጋይና ግንድ እየገፋ፣ በጥቂት ሰዓት ያለፈ። በእንዲህ ዓይነቱ ጎርፍ ፊት የትኛውም ጀልባ አያድንም፤ የሚያድነው የማስጠንቀቂያ ደወልና ከወንዙ አፍ የራቀ ቤት ነው። የኦሞው ሌላ ነው። ውኃው በሜዳው ላይ ተንጣልሎ ቀናት ቆየ፤ ሰዉና ከብቱ በከፍታ ቦታዎች ላይ እንደ ደሴት ተከብቦ ቀረ፤ ሄሊኮፕተርና የሞተር ጀልባ ከሩቅ እስኪመጣ መጠበቅ ግድ ሆነ። ቀስ እያሉ ሞልተው በሚተኙ ጎርፎች፣ በፎገራ ሜዳ ርብና ጉማራ ሲሞሉ፣ በጋምቤላ ባሮ ሲወጣ፣ በአፋር አዋሽ፣ በሶማሌ ክልል ዋቢ ሸበሌ ሲፈስ የሚሆነው ይኸው ነው። በእነዚህ ቦታዎች ሰው የሚሞተው ከጎርፉ ጋር ብቻ ሳይሆን ከጎርፉ በኋላ ባሉት ሰዓቶችና ቀኖች ነው። ነፍሰ ጡር ከጤና ጣቢያ ትቆረጣለች፤ ሕፃን በተቅማጥ ይደክማል፤ የሚጠጣ ውኃ ያልቃል። በዚያን ጊዜ ሦስት ኪሎ ሜትር የተኛ ውኃ የሚያሻግር ጀልባ ከሁሉ በፊት ይፈለጋል።

እዚህ ላይ የሚነፋው ጀልባ ዋና ባሕርይ፣ ውኃ ዳር አለመኖሩ፣ ዋጋውን ያገኛል። ወንዝ ዳር የታሰረ የእንጨት ታንኳ ወንዙ ሲሞላ መጀመሪያ የሚወሰደው እሱ ነው፤ ወይም ማዶ ቀርቶ ይገኛል። በወረዳው ከተማ መጋዘን ውስጥ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ጀልባ ግን በአንድ ፒክአፕ ተጭኖ፣ መንገዱ በተቆረጠበት ቦታ ተነፍቶ፣ ከደረቁ ወደ ውኃው ይገባል። መጫኛ ተሳቢ አይፈልግም፣ መትከያ አይፈልግም፣ ክሬን አይፈልግም። ለዚህ ሥራ ሁለት ሰው የሚይዘው ጠባብ ታንኳ ብቻውን በቂ አይደለም፤ ሰፊ፣ ሆዱ ጠፍጣፋ፣ አራትና አምስት የአየር ክፍል ያለው፣ በዙሪያው ገመድ የተዘረጋለት፣ ኋላው ትንሽ ሞተር የሚሸከም ራፍት ያስፈልጋል። ጠባቡ ታንኳ ግን መልእክት ለማድረስ፣ መድኃኒት ለማሻገር፣ አንድ ሕመምተኛ ለማምጣት ይበቃል።

ሦስት ተቃውሞዎች ይጠብቁኛል። የመጀመሪያው፣ ዓመቱን ሙሉ መጋዘን የተቀመጠ ፕላስቲክ በሚፈለግበት ቀን አይጥ በልቶት ወይም ማጣበቂያው ለቅቆ ይገኛል የሚል ነው። ትክክል ነው፤ ስለዚህ በየዓመቱ ግንቦት ላይ ሙሉ በሙሉ ተነፍቶ አንድ ቀንና ሌሊት መዋል አለበት፤ በሳሙና አረፋ ተቀብቶ የሚያፈስበት ቦታ ይፈለጋል፤ ከዚያ ደርቆ ከመሬት ከፍ ብሎ ይሰቀላል። ይህ በዓመት የሁለት ቀን ሥራ ነው። ሁለተኛው፣ በጎርፍ የተዋጠ መንደር ውስጥ ቆርቆሮ፣ የአጥር ሽቦና እሾህ ስላለ ጀልባው ይቀደዳል ነው። ይህም እውነት ነው፤ በዚህ ምክንያት ነው ስሱን ዓይነት ጨርሶ የማልመክረው። ጀልባው በዝግታ መሄድ፣ ከፊት ያለ ሰው በዘንግ እየዳሰሰ መምራት፣ ከአንድ በላይ ጀልባ አብሮ መውጣት ይኖርበታል። ሦስተኛው ደግሞ በወረዳ ደረጃ የሚቀዝፍ ሰው ከየት ይመጣል የሚል ነው። ለዚህ መልሱ ቅርብ ነው። በዳሰነች፣ በጋምቤላ፣ በጣና ዙሪያ ከልጅነቱ ጀምሮ ግንድ የተቦረቦረ ታንኳ ወይም ደንገል የቀዘፈ ሰው ሞልቷል። ወንዙ በየትኛው ማጠፊያ እንደሚሽከረከር፣ ውኃው የት ላይ እንደሚሳሳ የሚያውቀው እሱ ነው። ለዚህ ሰው የቫልቭንና የግፊትን ነገር ማስተማር የሳምንት ሥራ ነው፤ ውኃውን ለማያውቅ ባለሙያ ውኃውን ማስተማር ግን ዓመታት ይወስዳል። የዕለት ጀልባው እንጨት ሆኖ ይቀጥል፤ የመከራ ቀን ጀልባው ደግሞ በእሱ እጅ ይሰጠው።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። በየክረምቱ ተማሪዎችና ገበያተኞች ሙላት ሲሻገሩ ይወሰዳሉ። ይህን የሚያይ ቅን ሰው በየወንዙ መሻገሪያ የሚነፋ ታንኳ ቢቀመጥ ብሎ ሊያስብ ይችላል። አይሆንም። በሚጎርፍ ወንዝ ላይ ቀላል ታንኳን ያልሠለጠነ ሰው ይዞ መሻገር በእግር ከመሻገር ያላነሰ ሞት አለው፤ ዓባይን በላስቲክ ጀልባ የወረዱት ያን ሁሉ ዝግጅት ያደረጉት በዚህ ምክንያት ነው። ለመሻገሪያ የሚያስፈልገው የእግረኛ ድልድይ ነው። በጎርፍ የተኛ ውኃና የሚሮጥ ውኃ የተለያዩ መሆናቸውን መለየት ጀልባ ከማደል ይቀድማል።

ግንቦት ሳይገባ መሠራት ያለበት ሥራ ብዙ አይደለም። የኢትዮጵያ አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽንና የክልል አቻዎቹ በኦሞ፣ በባሮ፣ በአዋሽ፣ በዋቢ ሸበሌ እንዲሁም በርብና በጉማራ ተፋሰስ የሚገኙ፣ የሚተኛ ጎርፍ የሚያጠቃቸውን ወረዳዎች ለይተው ለእያንዳንዳቸው ቢያንስ ሁለት ጠንካራ የሚነፉ ራፍቶች፣ በቂ የመንሳፈፊያ ጃኬት፣ ገመድ፣ ትክክለኛውን ማጣበቂያና ፓምፕ ያስቀምጡ። ከየቀበሌው ሁለት ቀዛፊ መርጠው ያሠልጥኑ፤ ቁልፉ በማን እጅ እንዳለም ሕዝቡ ይወቀው። የዓሣ አስጋሪዎችን ድጋፍ ደግሞ ወደ ሳንቃና ወደ ፋይበር ግላስ ጀልባ ያዙሩት። ለቅዳሜ መዝናኛ የምትገዙ ወገኖችም ከታንኳው በፊት ጃኬቱን ግዙ፤ ለልጆቻችሁም በየልካቸው።